የጀልባ ሰዓት ኤክሴል ላይ ስመዘግብ ድምሩ ይሳሳትብኛል፤ አጻጻፉንም የሚያቀልልኝ ሰው እፈልጋለሁ

የወደቧ_ጸሐፊ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ባሕር ዳር ነኝ። አጎቴ ጣና ላይ የሚሠሩ አራት ጀልባዎች አሉት። ካፒቴኖቹና ረዳቶቹ የሚከፈላቸው በሰዓት ነው። ጀልባዋ ከወደብ ከተነሳችበት እስከ ተመለሰችበት ያለው ሁሉ ይቆጠርላቸዋል። ድሮ በደብተር ነበር የሚያዘው፤ ከመስከረም ወዲህ ወደ ኤክሴል ያዛወርኩት እኔ ነኝ።

መጀመሪያ የመጻፉ ነገር። በቀን ከሃያ እስከ ሠላሳ መስመር አስገባለሁ። ለእያንዳንዱ መነሻ አለ፣ መመለሻ አለ፣ ለሁለቱም ሽፍት ተጭኖ ሁለት ነጥቧን መፈለግ አለ። የማስገባው ደግሞ ማታ፣ ደክሞኝ ነው። ለማፍጠን ብዬ በነጥብ 2.10፣ 6.45 እያልኩ የጻፍኩባቸው ቀናት አሉ። ከስልኬ ያስገባኋቸው ደግሞ በአማርኛ ኪቦርድ 2፡10 ሆነው ነው የተቀመጡት። አሁን ሦስቱም ዓይነት አንድ ገጽ ላይ ተደባልቀዋል።

ሁለተኛው ጎሕ ሳይቀድ የሚነሱት ጉዞዎች ናቸው። ወር በገባ በ16 ለኪዳነ ምሕረት ወደ ዘጌ የሚሻገር ምዕመን አለ፤ የካቲት 16 ሲሆንማ ወደ ኡራ ኪዳነ ምሕረት ገዳም የሚሄደው ሰው ብዛቱ ሌላ ነው። ለዚህ ሲባል ጀልባዎቹ ሌሊት 11:40 ይነሱና 3:20 ላይ ይመለሳሉ። መመለሻውን ከመነሻው ስቀንሰው ##### ብቻ ነው የሚያሳየኝ።

ድምሩም አለ። አንዱ ካፒቴን በወሩ 101 ሰዓት ከ20 ሠርቷል፣ በደብተር አረጋግጫለሁ። ኤክሴሉ ግን 5:20 ይላል። በሰዓት 60 ብር ነው ብዬ ሳባዛው 253.33 ብር ይሰጠኛል። ስለዚህ ደሞዙን የማወጣው በካልኩሌተር ነው።

በጣም ያሳዘነኝን ልንገራችሁ። ባለፈው ሳምንት አንዱ ረዳት መጥቶ «እህቴ፣ እኔ የሠራሁት ከዚህ ይበልጣል» አለኝ። ደብተሩን አውጥተን በእጅ ስንደምር ልክ እሱ ነው። ##### የሚለው ቦታ ላይ «በኋላ አስተካክለዋለሁ» ብዬ 0 እየጻፍኩ አልፌ ነበር፤ በኋላም ረሳሁት። ሌሊት ከእንቅልፉ ተነስቶ የሠራውን ነው የቆረጥኩበት። እሱ ደግሞ ቁጣ እንኳን የለውም፣ ቀስ ብሎ ነው የጠየቀኝ። ከዚያን ቀን ጀምሮ እንቅልፍ አጣሁ።

አንድ ነገር ብቻ፦ በፈረንጅ ሰዓት ጻፊ አትበሉኝ። ካፒቴኖቹ የሚነግሩኝ በእኛ ሰዓት ነው። በየመስመሩ ስድስት እየደመርኩ ከጻፍኩ ከአሁኑ የባሰ ነው የምሳሳተው።

ሽምብጥ_ሰፈር፦

እህቴ አይዞሽ፣ የሁሉም ምንጭ አንድ ነው። ኤክሴል ሰዓትን የሚያስቀምጠው እንደ ቀን ቁራጭ ነው። ሙሉ ቀን 1 ነው። 6:00 ብለሽ ስትጽፊ ውስጡ ያለው 0.25 ነው፣ 12:00 ደግሞ 0.5። ሁለት ነጥቡ ለዓይን የሚታይ ልብስ ነው። ይህን ከያዝሽ የቀረው ቀላል ነው።

101:20 ለምን 5:20 ሆነ? 96 ሰዓት አራት ሙሉ ቀን ነው። ተራው የሰዓት ፎርማት ሙሉ ቀኖቹን ይደብቅና ትርፉን ብቻ ያሳያል። ሒሳቡ ውስጥ አልጠፋም፣ አልታየም እንጂ። ፎርማት ሴልስ ግቢና ከስተም የሚለውን ምረጪ፣ ከዚያ የሰዓቷን ፊደል ኤች በማዕዘን ቅንፍ ውስጥ አድርጊያት፣ ቀጥሎ ሁለት ነጥብ፣ ቀጥሎ ሁለት ጊዜ ኤም። 101:20 ብሎ ይወጣልሻል። ጎግል ሺትስ የምትጠቀሚ ከሆነ ፎርማት ሜኑ ላይ ነምበር ውስጥ ዱሬሽን የሚል አለ፣ እሱን ብቻ ነው የምትመርጪው።

253.33ም ከዚሁ የመጣ ነው። 101:20 ውስጡ 4.222 ቀን ነው፤ አንቺ በ60 ስታባዢው የቀን ሳይሆን የሰዓት ዋጋ ሰጠሽው። መጀመሪያ በ24 አባዢ፣ ቀጥሎ በ60። 6,080 ብር ይመጣል። በካልኩሌተር ካወጣሽው ጋር አስተያዪው፣ እኩል ነው።

በነጥብ የጻፍሻቸውን ግን ቶሎ አስተካክያቸው፣ እነሱ ናቸው የሚያስፈሩኝ። ##### ቢያንስ «ተሳስቻለሁ» ብሎ ይጮኻል፤ ነጥቡ ግን ዝም ብሎ ነው የሚበላው። 4 ሰዓት ከ35ን 4.35 ብለሽ፣ 3 ሰዓት ከ40ን 3.40 ብለሽ ብትደምሪያቸው 7.75 ይወጣል። ለደሞዝ ስታባዢው ሰባት ሰዓት ከሦስት ሩብ ሆኖ ይቆጠራል። እውነተኛው 8 ሰዓት ከ15 ነው። ከሁለት ጉዞ ብቻ ግማሽ ሰዓት ሄደ ማለት ነው፣ በእናንተ ዋጋ 30 ብር።

ዘንዘልማ፦

እኔ የሆቴል ሠራተኞችን ሽፍት ነው የምመዘግበው፣ እዚሁ ባሕር ዳር። በእኛ ሰዓት ነው የምጽፈው፤ ሁለት ነጥብ የሚባል ነገር ነክቼ አላውቅም። አሠራሬን ልስጥሽ። ከስልክ ስለሆንኩ የፎርሙላዎቹን ስምና የዓምዶቹን ፊደል በአማርኛ ነው የምጽፈው፤ አንቺ ሴሉ ውስጥ በእንግሊዝኛ ፊደል አስገቢው።

ቁጥር ብቻ ጻፊ። 2:10ን 210፣ 6:45ን 645፣ 11:40ን 1140። በኪቦርዱ ቀኝ ባለው የቁጥር ክፍል በአንድ እጅ ይሄዳል፣ በሌላው እጅ ደብተሩን ትይዣለሽ። መነሻውን ቢ ላይ፣ መመለሻውን ሲ ላይ አድርጊ እንበል። ዲ ላይ መነሻውን ወደ ደቂቃ ቀይሪ፦

=ኢንት(ቢ2/100)*60+ሞድ(ቢ2,100)

ኢንት ሲካፈል የሚወጣውን ሙሉ ቁጥር፣ ሞድ ደግሞ ትርፉን ነው የሚሰጥሽ። ለመመለሻው ኢ ላይ ያንኑ፣ በቢ2 ፋንታ ሲ2 አድርገሽ። ከዚያ ኤፍ ላይ፦

=ሞድ(ኢ2-ዲ2,720)

720 የአሥራ ሁለት ሰዓት ደቂቃ ነው። የአንቺን ጉዞ እንሞክረው። 1140 ማለት 700 ደቂቃ፣ 320 ማለት 200 ደቂቃ። ሲቀናነስ ኔጌቲቭ 500 ነው። ሞድ 720 ይጨምርበትና 220 ይሰጥሻል፣ ማለትም 3 ሰዓት ከ40። በቃ፣ ##### የሚባል የለም።

ለምን እንደዚያ ሆነብሽ የሚለውን ብዙ አስቤበታለሁ። በእኛና በፈረንጁ ሰዓት መካከል ያለው ልዩነት ስድስት ነው፣ ስትቀንሺው ከሁለቱም ጎን ስለሚጣፋ ችግር አያመጣም። ችግሩ የሚመጣው ሰዓቱ እንደገና ከ1 የሚጀምርበት ቦታ ላይ ነው። ኤክሴልን የሠሩት ሰዎች ቀናቸው የሚታጠፈው እኩለ ሌሊት ላይ፣ አብዛኛው ሰው ሲተኛ ነው። የእኛ የሚታጠፈው ጎሕ ሲቀድና ፀሐይ ስትገባ፣ ሰው ሥራ ሲገባና ከሥራ ሲወጣ ነው። ጣና ላይ ደግሞ ጀልባ ማለዳ ይነሳል። ስለዚህ ስህተቱ ተመርጦ የሚያርፈው ማልዶ የሚነሳው ሠራተኛ ላይ ነው። ያ ረዳት የተጎዳው ለዚህ ነው፣ አንቺ ስለጠላሽው አይደለም።

ለደሞዝ ኤፍን በ60 አካፍለሽ በዋጋው አባዢ። በሰዓትና በደቂቃ ማየት ከፈለግሽ ደግሞ በ1440 አካፍለሽ ከላይ የተነገረሽን ፎርማት ስጪው።

ሳትሳሳቺ እንድትጽፊ ዳታ ቫሊዴሽን ውስጥ ከስተም ብለሽ ይህን አስገቢ፦

=ኤንድ(ሞድ(ቢ2,100)<60,ቢ2>=100,ቢ2<=1259)

275 ብለሽ ብትጽፊ አይቀበልሽም፤ 75 ደቂቃ የለምና።

እኔ ጋ አንድ ነገር ነበር፣ ምናልባት ይጠቅምሽ ይሆናል። ጥበቃዎቻችን የሚሠሩት ከማታ 12 እስከ ጠዋት 12 ነው። 1200 ሲቀነስ 1200 ዜሮ ነው የሚሰጥሽ። ስለዚህ ገልብጬዋለሁ፦

=720-ሞድ(ዲ2-ኢ2,720)

ሌላው ሁሉ መልሱ ያው ነው፣ 12 ለ12 ሲሆን ግን 720 ይሰጣል።

የወደቧ_ጸሐፊ፦

ዘንዘልማ እግዚአብሔር ይስጥህ። አሁን ሞከርኩት። የትናንቱን 26 መስመር ከመቼውም ባነሰ ጊዜ አስገብቼ ጨረስኩ። 11:40 የነበረውም 3:40 ብሎ ወጣ!

ግን የመጨረሻውን፣ የተገለበጠውን ነው የወሰድኩት፣ ሁሉንም ይሸፍናል ብዬ። ወደታች ስስበው ገና ያልተጻፈባቸው ባዶ መስመሮች ሁሉ 12 ሰዓት 12 ሰዓት ብለው ተሞሉ። ድምሩ ሰማይ ወጣ።

ሌላም አለ። አንዷ ጀልባ ወደ ደቅ ደሴት ትሄዳለች። ናርጋ ሥላሴን ሊያዩ የሚሄዱ እንግዶች አንዳንዴ አድረው ነው የሚመለሱት። ቅዳሜ ጠዋት 1:00 ወጥታ እሑድ 4:30 ብትመለስ በዚህ ፎርሙላ 3:30 ብቻ ይላል። ቀን ልጨምርበት ብዬ ስሞክር ደግሞ 30/2/2017 ብዬ ስጽፍ ወደ ግራ ተጠግቶ ይቀመጣል፣ ቀን መሆኑን አያውቀውም።

ዘንዘልማ፦

ባዶውን ሳልነግርሽ መቅረቴ የእኔ ጥፋት ነው፣ ይቅርታ። ባዶ ሴል እንደ ዜሮ ስለሚቆጠር ዜሮ ከዜሮ ልክ እንደ 12 ለ12 ሆኖ ይታየዋል። እንዲህ አድርጊው፦

=ኢፍ(ካውንት(ቢ2:ሲ2)<2,"",720-ሞድ(ዲ2-ኢ2,720))

ሁለቱም እስካልተጻፉ ድረስ ባዶ ይተወዋል። መነሻ ተጽፎ መመለሻ የተረሳም ከሆነ ባዶ ሆኖ ይታይሻል፣ ይህም ጥሩ ነው።

የሚያድረውን ጉዳይ እኔም አልሠራሁትም። የሚያውቅ ካለ እኔም መማር እፈልጋለሁ።

ግሽ_ማርያም፦

ለምንድነው ይህን ያህል የምትደክሙት? ኮንትሮልና ሽፍት ይዛችሁ ነጠላ ሰረዝ ከነነጥቧን ቁልፍ ብትጫኑ ኤክሴል ያለበትን ሰዓት ራሱ ይጽፋል። ጀልባዋ ስትነሳ አንዴ፣ ስትመለስ አንዴ። መጻፍ የለ፣ መሳሳት የለ።

ጡረተኛው_ሒሳብ_ሠራተኛ፦

ግሽ ማርያም፣ ያልከው አቋራጭ ትክክል ነው፤ እኔም ቢሮ ሳለሁ እጠቀምበት ነበር። እዚህ ግን አይሆንም። ልጅቷ የምታስገባው ማታ ነው፣ ጀልባዋ ስትነሳ ኮምፒዩተሩ አጠገብ የለችም። ደግሞ የሚጽፍላት የኮምፒዩተሩን ሰዓት፣ የፈረንጁን ነው። ግማሹ በእኛ፣ ግማሹ በፈረንጅ ሆኖ አንድ ዓምድ ውስጥ ከተደባለቀ ስድስት ሰዓት ወዲህ ስድስት ሰዓት ወዲያ የሄደውን ማንም አይለየውም። አንድ ዓምድ አንድ ዓይነት ሰዓት ብቻ ይያዝ።

ልጄ፣ ወደ አንቺ ልመለስ። 30/2/2017ን አልቀበልም ያለሽ ኤክሴል የእኛን ዘመን አቆጣጠር ስለማያውቅ ነው። ለአንቺ ጥቅምት 30 ነው፣ ለእሱ ፌብሩዋሪ 30 ነው፤ እንደዚያ ያለ ቀን ደግሞ የለም። ከዚህ የሚብሰው የተቀበለሽ ቀን ነው። ከመስከረም 30 እስከ ጥቅምት 1 አንድ ቀን ነው። አንቺ 30/1 እና 1/2 ብለሽ ብትጽፊ ግን እሱ ጃንዋሪ 31ን መሃል ያስገባና ሁለት ቀን ይልሻል። ያለ ሥራው 24 ሰዓት ከፈልሽ ማለት ነው። ስለዚህ በቀን አትቀንሺ። ቀኑን ለራስሽ ማስታወሻ ጻፊው፣ ሒሳብ ውስጥ ግን አታስገቢው።

በምትኩ ሁለት ትንንሽ ነገር ጨምሪ። የመጀመሪያው «ስንት አደረ» የሚል ዓምድ ነው። በዚያው ቀን ከተመለሰች 0፣ አንድ ሌሊት ካደረች 1፣ ሁለት ካደረች 2። ካፒቴኑን ስትጠይቂው የሚመልስልሽም እንደዚያው ነው፤ «አንድ ሌሊት አድረን መጣን» ይልሻል እንጂ ቀን አይቆጥርልሽም። ሁለተኛው ከመነሻውና ከመመለሻው አጠገብ ቀን ከሆነ ቀ፣ ማታና ሌሊት ከሆነ ማ የሚል አንድ ፊደል ነው።

ደቂቃውን የምትቆጥሪው ከጎሕ፣ ከጠዋቱ 12 ጀምረሽ ነው። ለዚህም ዘንዘልማ የሰጠሽን ዲን እና ኢን እያንዳንዳቸውን አንዴ ሞድ 720 ታደርጊያቸዋለሽ፣ 12:30 ሲሆን 750 መሆኑ ቀርቶ 30 እንዲሆን። ፊደሉ ማ ከሆነ 720 ትደምሪበታለሽ። ከዚያ «ስንት አደረ»ን በ1440 አባዝተሽ፣ የመመለሻውን ደምረሽ፣ የመነሻውን ትቀንሻለሽ። የደቋን ጀልባ እንያት። ቅዳሜ ቀን 1:00 ማለት 60 ደቂቃ፣ እሑድ ቀን 4:30 ማለት 270፣ ያደረችው 1። 1440 ሲደመር 270 ሲቀነስ 60፣ 1650 ደቂቃ። 27 ሰዓት ከ30።

አንድ ቦታ ላይ ብቻ ከሰዎቹ ጋር ተስማሚ። ሌሊት 9 ሰዓት የየትኛው ቀን ነው? የእኛ ሰው «ለሰኞ አጥቢያ» ሲል እሑድ የመሸውን ሌሊት ማለቱ ነው። በዚህ አቆጣጠር ጎሕ እስኪቀድ ድረስ ሌሊቱ ያለፈው ቀን ሌሊት ነው፤ «አደረ» የምትይውም ጎሕ ሲቀድ ነው። ስለዚህ ሌሊት 11:40 ተነስታ ጠዋት 3:20 የተመለሰች ጀልባ በደንቡ 1 አድራለች። ይህ ካደናገረሽ ዓመቱን ሙሉ እንዲህ አትሥሪ። ለተራው ጉዞ የዘንዘልማን 720 ተጠቀሚ፣ የደቋን ለብቻዋ ሌላ ገጽ ላይ አድርጊያት። እኔ ብሆን እንዲያ ነበር የማደርገው። ለአንዲት ጀልባ ተብሎ የአራቱ አሠራር መወሳሰብ የለበትም።

አሁን ስለ አሮጌው መዝገብ። በአማርኛ ኪቦርድ የገቡት 2፡10 ዓይነቶቹ ለኤክሴል ጽሑፍ እንጂ ቁጥር አይደሉም። ወደ ግራ ተጠግተው ስታያቸው እወቂ። ሰም የሚባለው የመደመሪያ ፎርሙላ ደግሞ ጽሑፍን ዝም ብሎ ይዘላል፤ አያስጠነቅቅሽም። ዓምዱን መርጠሽ ኮንትሮል ኤች ተጫኚ፣ ከላይ የአማርኛዋን ሁለት ነጥብ ጻፊ፣ ከታች ባዶ ተዪው፣ ሁሉንም ቀይር በዪው። 2፡10 ራሱ 210 ይሆናል። በትክክለኛው ሁለት ነጥብ የገቡትን በሀወር ፎርሙላ ሰዓቱን አውጥተሽ በ100 አባዝተሽ፣ በሚኒት ፎርሙላ ያወጣሽውን ደቂቃ በመደመር ወደዚሁ ታመጫቸዋለሽ። በነጥብ የጻፍሻቸውን በ100 አባዢና በራውንድ አስተካክያቸው፣ 2.10 ያለው 210 ይሆናል። ብቻ 2.5 የሚል ካየሽ ደብተሩን ክፈቺ። ሁለት ከሃምሳ ይሁን፣ ሁለት ተኩል ይሁን፣ ሁለት ከአምስት ይሁን ፎርሙላ አይነግርሽም።

የመጨረሻው፣ 0 የጻፍሽባቸው። ከመስከረም ጀምሮ ያሉትን ፊልተር አድርገሽ አንድ በአንድ ከደብተሩ ጋር አገናኚ። ለአንዱ ረዳት ብቻ እንዳይመስልሽ። የጠየቀሽ እሱ ነው፤ ያልጠየቁሽም አሉ። ደብተሩንም እንዳትጥዪው።

የወደቧ_ጸሐፊ፦

ጋሼ፣ እርስዎ ያሉኝን ትናንት ማታ ተቀምጬ ሠራሁት። የደቋን ለብቻዋ አደረግኳት፣ 27:30 ብላ ወጣች። አሮጌዎቹን በኮንትሮል ኤች አጸዳኋቸው። በነጥብ ከጻፍኳቸው ውስጥ ሰባት መስመር ላይ ተጠራጥሬ ደብተሩን አየሁ፣ ሦስቱ የተሳሳቱ ነበሩ።

ዜሮ ያልኩባቸው ለዚያ ረዳት ብቻ 11 ጉዞ ሆኑ። ሲደመር 38 ሰዓት ከ25፣ በገንዘብ 2,305 ብር። ልክ እንዳሉት እሱ ብቻ አልነበረም፣ ሌሎች ሁለት ረዳቶችና አንድ ካፒቴንም አሉበት። ለአጎቴ ጠዋት ቁጭ አድርጌ ነገርኩት። ወረቀቱን አየና «ዛሬውኑ ክፈያቸው» አለኝ።

ረዳቱን ወደቡ ላይ ነው ያገኘሁት፣ ገመድ ሲጠቀልል። እያንዳንዱን ጉዞ ከነሰዓቱ አትሜ ሰጠሁት። ብሩን ሳይቆጥር ወረቀቱን ነው ያነበበው። የካቲት 16 የሚለው ላይ ጣቱን አድርጎ «ይቺን ቀን እኔም ረስቻት ነበር» አለኝ።

የካፒቴኑ ጥቅምትና ኅዳር ቀርተውኛል፣ ዛሬ ማታ እጨርሳቸዋለሁ። ዘንዘልማ፣ ቫሊዴሽኑን ለጠቅላላው ዓምድ ሳደርገው አሮጌዎቹን ስህተቶች አላሳየኝም። ከአሁን በኋላ የሚጻፈውን ብቻ ነው እንዴ የሚጠብቀው?

ዘንዘልማ፦

አዎ፣ አዲስ የሚጻፈውን ብቻ ነው የሚከለክለው፤ ለጥፈሽ ያስገባሽውንም አይዝም። የድሮዎቹን ለማየት ዳታ ቫሊዴሽን አጠገብ ያለችውን ትንሽ ቀስት ጫኚ፣ ሰርክል ኢንቫሊድ ዳታ የሚል አለ። የተሳሳቱትን በቀይ ይከብልሻል።